ሟች የሚታጠብበትን ቀን አስቀድሞ ስለ ማሳወቅ

ይድረስ ፊርማዎን ላላየሁት የክትትል ክፍል ኃላፊ፣ ለክቡር ወይም ለክብርት፤
ሮተርዳም

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው የማተሚያ ማሽን፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? ስለ ማሽኑ ለይቼ የጠየቅሁት በክፋት አይደለም። የላካችሁልኝ ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ይህ ደብዳቤ በኮምፒዩተር የተዘጋጀ ስለሆነ አልተፈረመበትም» ስለሚል፣ የፈረደብኝ ሰው ይሁን ዕቃ በትክክል እስካውቅ ድረስ ለሁለቱም ጤና መመኘቱ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ አምላኬ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና መሆኑን አላሳወቀም ተብሎ ሌላ ደብዳቤ እንዳይመጣብኝም ይኸው በጽሑፍ አረጋግጫለሁ።

ወልደየስ እባላለሁ፤ የምኖረው እዚሁ ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት ሰፈር ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ እንደ አዋቂ ይለፉኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ፔርኒስ ወደብ ካሉት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከሮች ውስጥ እየገባሁ ዝቃጭ ስጠርግ ኖሬ፣ አሠሪያችን ውሉን ሲያጣ ባለፈው ዓመት ከነጓደኞቼ ተሰናበትሁ። ከዚያ ወዲህ የእናንተን የሥራ አጥ ድጎማ የምቀበል ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሆላንድኛ አስተርጉሜ በሬኮማንዴ ልኬልዎታለሁ፤ አማርኛውን ደግሞ ወገኖቼ እንዲያነቡት ለማኅበረሰባችን መጽሔት ሰጥቻለሁ። ትርጉሙ ካልጣመዎት እዚያው ቢሮዎ ያለችውን ወይዘሪት ሳያትን ያስጠሩ፤ የእኔን አነጋገር ወደ እናንተ ቋንቋ በመመለስ ከእሷ የሚበልጥ ሰው አላውቅም።

ከምስጋናው ልጀምር፣ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነውና። ድጎማ ማለት ሥራ ያጣ ሰው አንገቱን ሳይደፋ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን ነግራችሁናል፤ ለወራትም እውነት ነበር። የቤት ኪራዬን ሳልሳቀቅ ከፍያለሁ። በየአራት ሳምንቱ አራት ማመልከቻ ላክ አላችሁኝ፤ ለመጋዘኑም፣ ለአበባ ማሸጊያውም፣ ለሆስፒታል ጽዳቱም ልኬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍኩም። በልመና ሳይሆን በሕግ የሚሰጥ ነገር መቀበል ምን ያህል ወገብ እንደሚያቀና ያየሁት እናንተ ቤት ነው። ምርኩዙን ከሰጣችሁኝ በኋላ በእሱው ትመቱኛላችሁ ብዬ ስላላሰብኩ ብቻ ነው የተገረምኩት።

ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር እናንተ ዘንድ እንደማይታይ ተምሬያለሁና።

፩. ስለ ወይዘሪት ሳያት መልካም አቀባበል

ባለፈው ጥቅምት ለውይይት ተጠርቼ መጣሁ። ያነጋገረችኝ የሥራ አማካሪ ሳያት እዚሁ ያደገች የወገኔ ልጅ ናት። አማርኛዋ ልዝብ ነው፤ «እርስዎ» የሚለውን ብቻ አላስተማሯትም። «ወልደየስ፣ ቁጭ በል። ሳምንትህን እንዴት ነው የምታሳልፈው?» አለችኝ። እኔና ባለቤቴ የትነበርሽ ልጅ አልሰጠንም፤ የትነበርሽም ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። በአማርኛ «አንተ» የሚለኝ የልጅ ድምፅ ከሰማሁ ዘመን አልፎኝ ነበርና፣ መሥሪያ ቤት መሆኔን ረሳሁት። አባት ማታ ለልጁ እንደሚያወራ አወራኋት።

የነገርኳት ይህን ነው። ከወገናችን ወንድ ሲያርፍ ገላውን አጥቤ የምገንዘው እኔ ነኝ። ከሮተርዳምም፣ ከሔግም፣ ከአምስተርዳምም ይደውሉልኛል፤ ካህኑ ጸሎት ሲያደርሱ እኔ አጥባለሁ፣ በነጭ ጨርቅ እጠቀልላለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ማንም አይከፍለኝም፤ ማንንም አላስከፍልም። የጀመርኩትም የትነበርሽ ባረፈች ቀን ነው። በሥርዓታችን ሴትን የሚያጥቡ ሴቶች ስለሆኑ እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜ ነበር። ይመኙሻል የምትባል፣ ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ ያልነበረን ሴት፣ ከሔግ ከስኪልደርስዋይክ ድረስ ሌሎች ሁለት ሴቶች ይዛ መጣች። ውሃው ሲንቆረቆር ሰማሁ። ይመኙሻልም እንቅልፍ የጣለውን ሕፃን እንደምታገላብጥ ሆና «እንዲህ ዘወር በይልኝ የኔ እናት፣ ጎሽ፣ ጨረስን» ስትላት ሰማሁ። ሲጨርሱ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ያን ዕለት ለካህኑ፣ ለወንዶቹ እኔ አለሁ አልኳቸው።

ሳያት ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽባትም። «ዋው! በጣም ደስ ይላል። በዓመቱ ስንት ሰው አጠብህ?» አለችኝ። ዘጠኝ አልኳት። «አንዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ፣ ጣቶቿን ከኮምፒዩተሩ ላይ ሳታነሳ።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ግን ሦስት አልኳት። ለምን ቢሉኝ፣ ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ የሚያደንቀኝ ሰው አግኝቼ ነው። ቀኝህ የሠራውን ግራህ አይወቅ የተባልኩ ሰው ነበርኩ፤ ለግራ እጄ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም ነገርኩ። ያውም አንድ ሰዓት ጨምሬ።

፪. ስለ ሂሳብ ችሎታችሁ

በሁለት ሳምንቱ ደብዳቤው ደረሰኝ። ዘጠኝ ሰው በሦስት ሰዓት ተባዝቶ ሃያ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ሙታንን ማጠብ በዚህ አገር ሰዎች ተቀጥረው የሚሠሩት ስለሆነ ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ አስቀድሜ ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ ስላላስፈቀድሁም የማሳወቅ ግዴታዬን የጣስሁ ሰው ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ድጎማዬ ተቀነሰ፤ ቅጣትም ታከለበት። በመጨረሻም ሁለተኛ ከተደገመ ድጎማው ጨርሶ እንደሚቋረጥ በደማቅ ጽሕፈት ተጽፏል።

ወዲያው ስልክ ደወልኩና እውነቱን ተናገርኩ፤ የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ነው፣ ሦስት ያልኩት ለመመስገን ብዬ ነው አልኩ። ስልኩን ያነሱት ሰውዬ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ በደንቡ መሠረት ሰው ሳይጠነቀቅ መጀመሪያ የሰጠው ቃል ኋላ ከሚሰጠው ይበልጥ እንደሚታመን አስረዱኝ። ክቡርነትዎ ይህን ያስተውሉልኝ። ከንቱ ውዳሴዬን አምናችሁ ተቀበላችሁ፤ ንስሐዬን ግን መለሳችሁልኝ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ብዙ ካህናት አጋጥመውኛል፤ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም።

፫. ስለ ቅዳሜ

ደብዳቤዎቻችሁ ሁልጊዜ ቅዳሜ ይደርሳሉ፤ ስልካችሁ የሚከፈተው ሰኞ ነው። በመካከል ያለችውን እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ከእናንተ ጋር ስከራከር አሳልፋታለሁ። ስለ አብሮነታችሁ አመሰግናለሁ።

፬. ስለ ጻፋችሁልኝ የሥራ ምስክር ወረቀት

ቅጣቱ በመጣ በሳምንቱ ሳያት ደወለችልኝ። «ወልደየስ፣ አትናደድብኝ፤ እኔ ያየሁትን የመጻፍ ግዴታ አለብኝ። ደግሞ በጥሩ ጎኑ እየው፣ ልምድ አለህ ማለት ነው! ሔግ አንድ የቀብር ድርጅት ሰው ይፈልጋል፣ አመልክት» አለችኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ሥራ አጥን ከሥራ ጋር ማገናኘት ማለት ይህ ነው አልኩ። የሠርግ ሱፌን አስተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ሔግ ሄድኩ።

የሚፈልጉት ሙታንን የሚያጥብና የሚያለብስ ሰው ነበር። የተቀበለችኝ ሴት ትሑት ናት። ዲፕሎማ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ የለኝም አልኳት። ልምድ እንዳለኝ የሚያሳይ ማስረጃስ ስትለኝ፣ አለኝ አልኩና የእናንተን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አይሳቁብኝ። ሌላ ምን ነበረኝ? እኔን ሃያ ሰባት ሰዓት ሙሉ ገበያ ላይ ዋጋ ያለው ሥራ ሠርቷል ብሎ በመንግሥት ማኅተም የመሰከረልኝ ወረቀት በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ገጽ ስታነብ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውን ስትገልጥ መነቅነቋን ተወች፤ ቅጣቱና ግዴታ መጣሴ የተጻፈው እዚያ ላይ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ በሁለት ጣቷ መለሰችልኝ።

በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። በነፃ የተሠራ ነገር እንደ ሥራ ልምድ ስለማይቆጠር ሊቀበሉኝ አልቻሉም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ያስረዱኝ። ያው እጅ፣ ያው ውሃ፣ ያው ሟች፤ ለመቅጣት ሲሆን ሥራ ነው፣ ለመቅጠር ሲሆን ሥራ አይደለም። ከታንከር ውስጥ ስንወጣ ጋዙ ናላችንን አዙሮት የማይጨበጥ ነገር እንናገር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሐኪም ያየን ነበር።

፭. ስለ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ

እዚሁ ከተማ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ውስጥ ጋሽ ገብረሥላሴ የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መካኒክ ሆነው ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻል ነበር፤ ቀልዳቸውም እንዲሁ። ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አንድ ቀን ጠርተው፣ «እኔን የምታጥበኝ አንተ ነህ፣ ወደይ። ሌላ ሰው ይኮረኩረኛል» አሉኝ፤ «ወደይ» በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው። ቃል ገባሁላቸው። ቃል የገባሁት የእናንተ ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከመጣ በኋላም ቃሌ ቃል ነው።

በዚህ ጊዜ ግን አዋቂ ሆኜ ነበርና አስቀድሜ ላስፈቅድ ብዬ ቅጹን ከፈትሁ። ቅጹ የሥራውን ዓይነት ጠየቀኝ፤ ጻፍሁ። በሳምንት ስንት ሰዓት ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለት ሰዓት ብዬ ጻፍሁ። ወደፊት ወደ ቋሚ ቅጥር የማደግ ዕድል አለው ወይ ይላል፤ የለውም አልኩ። የሚጀመርበት ቀን ይላል። ባዶ ልተወው ብል ኮምፒዩተሩ በቀይ እየጮኸ ወደፊት አላሳልፍ አለኝ። መልስ ለመስጠት እስከ አራት ሳምንት እንደምትወስዱም ተጽፏል። ሬሳ አራት ሳምንት እንደማይቆይ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ምናልባት በቤተሰቡ ማንም አይሞት ይሆናል።

ውሸት ልጻፍ ወይስ ቃሌን ልብላ እያልኩ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። በመጨረሻ ጭንቀቴን ለራሳቸው ለጋሽ ገብረሥላሴ ነገርኳቸው። ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው ዘወር አድርገው አሰብ አደረጉና፣ «ማክሰኞ በላቸው። ማክሰኞ ሐኪም የለብኝም፣ ባዶ ነኝ» አሉ። ሳሉ እስኪጥላቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ነርሷ መጥታ ሁለታችንንም ተቆጣችን። የወሩን የመጨረሻ ማክሰኞ ሞላሁ። ሕሊናዬ ስለቆረቆረኝ ግን አስተያየት በሚለው ሳጥን ውስጥ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብዬ ጨመርኩ።

መልሳችሁ እስከ ዛሬ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ ተግባሩ የሌላ አካልን ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ የዚያን አካል ስምና አድራሻ ግለጽ፣ በጽሑፍ የሰጠውንም ስምምነት አያይዝ፣ እስከዚያ ጉዳዩ አይታይም የሚል ነው። የአካሉን አድራሻ ለመስጠት አልተቸገርኩም፤ የጽሑፍ ስምምነቱ ላይ ግን ቸገረኝ። ይህኛው አካል ለጋሽ ገብረሥላሴ የፈቀደውን ሐሙስ ዕለት፣ ማክሰኞው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለማንም ሳያሳውቅ ፈጸመ። እሱንም ብትቀጡት ትችሉ ይሆን?

፮. ስለ ሩብ ሰዓት

ጋሽ ገብረሥላሴ ባረፉ ዕለት ታንከር ውስጥ አብሮኝ የሠራው ኪሮስ ቤቴ መጣ። ኪሮስ አፉ አይገታም፤ አነጋገሩን እንዳለ የማቀርበው እውነቱን እንዳላጎድል ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። «እነሱ ሦስት ሰዓት ነው ብለዋል፣ አይደል? ለአሥራ ሁለት እናካፍለዋ! ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት። ሩብ ሰዓት ሥራ ከሆነ፣ እኔ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ላሳውቃቸው!» አለ። ከእናንተ ድጎማ ከሚቀበሉት ሌላ ሰው እንዳይቀላቀል ወሰነ፤ ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ለሩብ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከማስጠንቀቂያ አያልፍም ብሎ አስቦ ነው። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሥራ አጥ ፍለጋ ብዙ አልደከመም። ከሆግቭሊት፣ ከሔግና ከአምስተርዳም፣ ራሱን ጨምሮ፣ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሰበሰበ።

እኔን ግን ከበሩ ውጪ ቁም አሉኝ። «ላንተ ሁለተኛህ ነው። ይቆርጡብሃል። አንተ ከውጪ ሆነህ ንገረን፣ እኛ እናጥባለን» አሉኝ። በር ላይ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ሁለተኛ አልቆምም አልኳቸው። ድጎማዬንም ሆነ ቤቴን እንደማጣ አውቄ ነው የገባሁት፤ አላወቀም ነበር እንዳይባልልኝ እዚህ ላይ አረጋግጣለሁ።

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች በየተራ ነው የገባነው። ካህኑ ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ ኪሮስ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሩብ ሰዓት ሲሞላ «ቀጣይ!» ይላል። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ የሞተ ሰው ነክተው አያውቁም። አንዱ ከደጃፉ አልራመድ አለ፤ ክንዱን ይዤ አስገብቼ እጁን ውሃው ውስጥ ከተትሁለት፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ቀጠለ። ይህን ስላስተማራችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ በፊት በሦስቱ ከተማ ወንድ ገናዥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን አሥራ ሁለት ነን።

የእኔ ተራ ቀኝ እጃቸው ላይ ደረሰ። የመካኒክ እጅ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላም የጥፍሩ ሥር ጥቁረት አልለቀቀም። እያንዳንዱን ጣት ለብቻው፣ በጣቶቹ መካከልም ማጠብ ልማዴ ነው፤ በዚያ ጊዜ ስለ ሟቹ እጸልያለሁ፣ ሌላ ሐሳብ አላስገባም። ሦስተኛውን ጣት ጨርሼ አራተኛው ላይ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። ኪሮስ አልጠራኝም። ማንም አልጠራኝም። ራሴው ነኝ ያየሁት። ሦስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጸሎቱ ከአፌ ጠፋ፤ ከሟቹ ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ነበርኩ። ትንሿን ጣት ሳላጥብ ጨርቁን ለቀጣዩ ሰው ሰጠሁ።

ክቡርነትዎ፣ ድጎማዬን መቀነሳችሁን ይቅር ለማለት ሞክሬያለሁ፤ ሳይሳካልኝ አይቀርም። ቅጣቱንም እንደዚያው። ይህችን ግን አልችልም። በንጹሕ ልብ የምሠራት አንዲት ነገር ነበረችኝ፤ በእሷ ውስጥ ሰዓት አስገባችሁበት። ወይም፣ እውነቱን ከፈለግን፣ እኔ አስገባሁት፤ ሦስት ሰዓት ብዬ የቆጠርኩት መጀመሪያ እኔ ነኝና። ይህን ሳስብ በእናንተ የተቆጣሁትን ያህል በራሴ እቆጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በራሴ እንድቆጣ ስላደረጋችሁኝ በእናንተ እጥፍ እቆጣለሁ። የጸሎቴ የይቅርታው ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። የንስሐ አባቴ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው አንብበው፣ በቀል የሚሸት ሦስት ቦታ አግኝተው ሰርዝ አሉኝ። ሁለቱን ሰርዣለሁ።

ሦስተኛው ይህ ነው። በማግስቱ አሥራ ሁለታችንም አሳወቅን። እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ የገባበትንና የወጣበትን ደቂቃ፣ ያጠበውንም የአካል ክፍል ለይቶ ጻፈ፤ ኪሮስ ግራ እግር፣ እኔ ቀኝ እጅ፣ ትንሿ ጣት ሲቀር። አሥራ ሁለት መዝገብ ተከፈተ። ለአሥራ አንዱ ማስጠንቀቂያ፣ ለእኔ ድጎማዬ ሙሉ በሙሉ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ቅዳሜ ደረሰን። አሥራ ሁለታችንም ቤዝዋር፣ ማለት የተቃውሞ ማመልከቻ፣ አስገባን። ለእያንዳንዱ በቀኑ መልስ መስጠት ግዴታችሁ እንደሆነ አንብበናል፤ ግዴታ መጣስ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይመኙሻልም የሴቶቹን ወገን አዘጋጅታለች፤ እነሱ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከእንግዲህ ከመካከላችን አንድ ሰው ባረፈ ቁጥር እናንተም ትሰማላችሁ፤ ሳንደብቅ፣ ሳንቀንስ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እናሳውቃችኋለን። እውነትን ከእኛ ጠይቃችኋል፤ አሁን ተሸከሟት።

የምለምነው ጥቂት ነው። ግዴታውን የጣሰ የሚለው ስም ከስሜ ላይ ይነሣልኝ። ድጎማዬ ይመለስልኝ፤ ሥራ መፈለጌን አላቆምኩም፣ በዚህ ሳምንት እንኳ አራቱን ማመልከቻ ልኬያለሁ። የሚቀጥለውን ሟች ደግሞ ሳልጠይቃችሁ ልጠበው። ይህ ሦስተኛው ባይፈቀድም አጥበዋለሁ፤ በትሕትና የጠየቅሁት ለወጉ ነው።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ፣ ወደፊትም ስለምወስድ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ የበዛ ወረቀት፣ ለእኔም በቀልን ለባለቤቱ የሚተው ልብ እንዲሰጠኝ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ወልደየስ
የቀድሞ የታንከር ጠራጊ፣ የአሁን ሥራ ፈላጊ፣ ያለ ፈቃድ ገናዥ
ሆግቭሊት

ማስታወሻ፦ ለሥራችሁ ቅልጥፍና ሲባል የአሥራ ሁለታችንም ተቃውሞ በአንድ ቀን እንዲሰማ መወሰናችሁን የሚገልጸው ደብዳቤ ደርሶናል፤ በጣም ደስ ብሎናል። እያንዳንዱ ተቃዋሚ ጉዳዩን በቃሉ የማስረዳት ሙሉ መብት እንዳለውም እዚያው ላይ ተጽፏል፤ አሥራ ሁለታችንም እንጠቀምበታለን። አምስታችን አስተርጓሚ እንፈልጋለን፤ ኪሮስ ሆላንድኛ ቢችልም ስድስተኛ ሆኖ በትግርኛ ሊናገር ወስኗል። ለእኛ ሻይና ብስኩት በማቅረብ አትድከሙ። ቀኑን ያደረጋችሁት ረቡዕ ስለሆነ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ ቸኩለን የምንሄድበት የለንም። ምሳ የሚጠብቀው እናንተን ብቻ ነው።